ሜዳው ላይ የለቀቅኩት እባብ

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር ያለ ፈቃዴ የምታነብ ሰው፣ የመኪናህ አራቱም ጎማ ይተንፍስ። መኪና ከሌለህ ጫማህ ይቀደድ። ጫማም ከሌለህ በቃ አንብብ፣ ምን አደርግሃለሁ።

መጻፍ የጀመርኩት እትዬ ስለተማረረች ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። የምኖረውም እሷ ቤት፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ባለው አልጋ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ ውለህ ማታ ደግሞ እኔን ታደርቃለህ፣ ለወረቀት ንገረው አለችኝ። ይኸው እየነገርኩት ነው። ወረቀት ጥሩ ነው፣ ክር በአፉ ይዞ "ዝም በል" አይልም።

ሥራዬ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወይም እሱ ተወኝ፤ በዚህ ላይ ከእትዬ ጋር አልተስማማንም። ሰፈሩ "ፎርጅድ" ይለኛል። ለፀጉር ቆራጩ ሎተሪ ወጣልህ ብዬ የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ፣ ሱቁን ዘግቶ እንዲሮጥ ያደረግኩ ቀን የወጣልኝ ስም ነው።

ዛሬ ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሰዎች መጡ። ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው፣ አንዱ በአንድ ዓይኑ ሲያይ፣ ሌላው ረጅም በትር ይዞ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሞ ዋለ። ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው የእንጨት ችካሎች መሬት ውስጥ ተከሉ። አንዱን የተከሉት ልክ አኩራፊዎቹ መሃል ነው።

አኩራፊ አበባ ናት። ፀሐይ ካልወጣ አትከፈትም፤ ደመና ካለ ፊቷን ጨምድዳ ትውላለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ቢጫዋ "ቁልፍ" ናት፣ ከእትዬ የቁልፍ ጣሳ የወደቀች ስለምትመስል። ሰማያዊው "ዘበኛ" ነው፣ ነፋስ ቢነፍስም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም። አበባ ወዳድ ሆኜ አይደለም። በጸደይ ሜዳው እንዲህ ሲሆን ሰው ዓይኑን የት ያድርገው?

ዋናዋ የአበባ ወዳጅ እማማ ጠመኔ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል፣ ማለቴ ሞክረዋል። ጧት ጧት ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ሜዳው መሃል ይቀመጣሉ። ወንበሩን የምሸከምላቸው እኔ ነኝ፣ መንገዴ ስለሆነ። ጎሚስታ ቤቱ በተቃራኒው በኩል ነው፤ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ መንገድ መንገድ ነው።

ለካኞቹን ጠይቀው ትልቅ መጋዘን ሊሠራበት መሆኑን ሰሙ። ከዚያ ዝም አሉ። እሳቸው ሌላውን ዝም ሲያሰኙ እንጂ ራሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።


ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

ቶሎ ልጻፍ፣ ጋሽ ትንፋሽ ሳይመጡ። ጋሽ ትንፋሽ የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ናቸው። መጋዘኑን ወደውታል። የገንቢው ከባድ መኪናዎች ጎማ የሚያሠሩት እኛ ጋ ነው። ግንባታ ሲበዛ ሚስማር ይበዛል፣ ሚስማር ሲበዛ ሥራ ይበዛል አሉ።

ችካሎቹን ልንቀላቸው ብዬ ለእማማ ጠመኔ ነገርኳቸው። አይሆንም አሉ። ችካል የነቀለ ወንበዴ ይባላል፤ ይልቅ ጎረቤቱን አስተባብረው ከተማው ቢሮ ይሄዳሉ፤ ሜዳው የሰፈሩ መተንፈሻ ነው ብለው ይጠይቃሉ። እሳቸው ጠይቀው እስኪመለሱ ሲሚንቶው ይደርቃል።

ችካል አልነቅልም ብዬ ቃል ገባሁ። ቃሌ ቃል ነው። ስለ ሌላ ነገር ግን ቃል አልገባሁም።


ረቡዕ ማታ

ተወለደ።

ከአሮጌ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ፣ ከውስጥ ጎማው ማለቴ ነው፣ ረጅም ቁራጭ ቆረጥኩ። እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ለጠፍኩት። አንዱን ጫፍ አሹዬ ጅራት፣ ሌላውን አድቦልቡዬ ጭንቅላት አደረግኩት። ጀርባውን በቡናማና በቢጫ የጫማ ቀለም አዥጎረጎርኩት። ትልቁ ብልሃት ሆዱ ላይ ነው፤ የአየር መሙያ ቫልቭ ገጠምኩለት፣ ግን አላልቼ። ሲነፋ ይወፍራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ "እስስስ" ይላል።

በሕይወቴ እንዲህ የተሳካ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ለጋሽ ትንፋሽ ማሳየት አለመቻሌ ያሳዝናል። "ያንተ ልጥፍ ያስተነፍሳል" እያሉ ያዋርዱኛል። ይኸው ማስተንፈስ ራሱ ሙያ ሆነ።

በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር አስሬ ድመታችን ላይ ሞከርኩት። ድመቷ እስካሁን ጣሪያ ላይ ናት።


ዓርብ ማታ

ከሳቅ ብዛት ሆዴን አሞኛል።

ክሩን ሣር ለሣር ዘርግቼ፣ በአንዱ ችካል ላይ አዙሬ፣ ቁጥቋጦ ሥር ተኛሁ። ለካኙ መነጽሩ ላይ ሲያጎነብስ ሳብኩት። እባቤ በአኩራፊዎቹ መሃል እየተጥመለመለ፣ እስስስ እያለ መጣ። ሰውየው መጀመሪያ መነጽሩን ማስተካከል ጀመረ፣ የመነጽር ችግር መስሎት። ከዚያ በሁለቱም ዓይኑ አየ። ባለ በትሩ በትሩን ጥሎ በረረ። ለካኙ ንብረት የሚወድ ሰው ነው፤ ሦስት እግሩን ታቅፎ፣ ባጠቃላይ በአምስት እግር ሮጠ።

ችካል አልነቀልኩም። ቃሌን ጠብቄአለሁ።

እማማ ጠመኔ ለምን ብቻህን ትስቃለህ አሉኝ። የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው አልኳቸው። ያንተ ድሮ ትላንት ነው አሉ።


እሁድ

እባቤ እያደገ ነው። ዓርብ ክንድ የማይሞላ ነበር። ቅዳሜ ፀጉር ቆራጩ የሰው ቁመት አደረሰው። ዛሬ ባልና ሚስት ሆነው እንቁላል ጥለዋል። ፀጉር ቆራጩ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ እያለ ለደንበኛ ሁሉ ይምላል። ዓይኑ ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ቀይ ነው አለኝ። ዓይን እኮ አልሠራሁለትም።

እኔም ትንሽ ጨመርኩ። ሲመሽ ያፏጫል ሲባል ሰምቻለሁ አልኩ። በሬ ወለደ ሲባል ጥጃውን የማይስም ማን አለ።

እትዬ ልጇን ሚጢጢን ሜዳ እንዳትረግጥ ከልክላታለች። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሜዳው ጭር አለ። ጥሩ ነው፣ አበባውም ዕረፍት ያግኝ።

እማማ ጠመኔ ብቻ አልቀሩም። እባብም መኖሪያ ያስፈልገዋል ብለው ወንበራቸው ላይ ቁጭ። እውነቱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሳቸው መዋሸት አይችሉም፤ የቢሮ ሰዎች ቢጠይቋቸው ዘርግፈው ይነግሯቸዋል። ስለዚህ የደበቅኳቸው ለእሳቸው ብዬ ነው።

ለካኞቹ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይመለሳሉ ተብሏል። ክሩን ከነእባቡ እንደተዘረጋ ተውኩት። በየቀኑ መዘርጋት ያደክማል።


ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

እማማ ጠመኔ ወደቁ። ሜዳው ላይ። ቀኝ እጃቸውን ነው። እኔ አልነበርኩም፣ የከባድ መኪና ጎማ ገብቶ ማልጄ ሥራ ገብቼ ነበር። ወንበሩን ራሳቸው ይዘው ሄደዋል። ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው አሉ። ጋሽ ትንፋሽ ጎማውን ሳትጨርስ አትንቀሳቀስም ብለዋል። ሄጃለሁ።


ማክሰኞ ማታ

ተሰብሯል። ከአንጓው ከፍ ብሎ። ጄሶ አድርገውላቸዋል።

ጤና ጣቢያ ደርሼ ጄሶውን ሳይ፣ "ቲቸር፣ ጠመኔ በጣት መያዝ አልበቃ ብሎዎት ክንድዎን በሙሉ ጠመኔ አደረጉት" አልኩ። ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

ከዚያ የሆነውን ተናገሩ። ወንበራቸውን ይዘው ሲራመዱ ቀጭን ነገር እግራቸውን ጠመጠማቸው። ሊያላቅቁት ሲሉ ጎተታቸው። ሰው እባብ እባብ ሲል ስቄ ነበር አሉ፤ ዛሬ ግን በራሴ እግር ደረሰ።

እኔ ዓይኔን ጄሶው ላይ ተከልኩ። ዝም ማለት ስለማላውቅበት እትዬ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ትኩሳት ይዞኝ እንደሆነ።

ወደ ቤት ስመለስ በሜዳው በኩል ዞርኩ። ክሩ ከችካሉ ተበጥሶ ሣሩ ላይ ተኝቷል። እባቡ እዚያው አጠገቡ፣ ተንፍሶ። እባቡን ሸሚዜ ሥር ሸጎጥኩ፤ ክሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደጠቀለልኩት አላውቅም። ናይለን ክር አይጣልም፣ አንድ ቀን ይጠቅማል።

ደግሞ ሣር ውስጥ ስንት ነገር አለ። ሐረግ አለ። ሥር አለ። ጧት ጤዛው ያንሸራትታል። በእሳቸው ዕድሜ ሰው ዝም ብሎም ይወድቃል።

ቀኝ እጃቸው ነው። የሚጽፉበት።


ሐሙስ ማታ

ዛሬ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። እማማ ጠመኔ ከመውደቃቸው በፊት የጠሩት ነው። የከተማው መሬት ቢሮ አንዲት ኃላፊ ልኮ ነበር፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉን በጥሞና የምትሰማ ሴት። የገንቢው ወኪልም መጥቷል፣ ነጭ ጫማ አድርጎ።

የታሰበው ጎረቤቱ ሁሉ እየተነሣ ሜዳችን ነው፣ ልጆቻችን የሚጫወቱበት፣ እኛም የምናርፍበት ነው እንዲል ነበር። ተነሡማ። አንዱ ሜዳው ይታረስልን አለ። አንዷ ልጄን በእባብ ላስበላ ወይ ብላ አለቀሰች። ወኪሉ አፉን መክፈት እንኳ አላስፈለገውም፤ የኛ ሰው ሥራውን ሠራለት።

ኃላፊዋ ሕጉን ነገረችን። ሜዳው ሰው የሚገለገልበት ክፍት ቦታ ከሆነ ማንም አይነካውም። ማንም የማይገባበት ጥሻ ከሆነ ግን ለገንቢው ይሰጣል። ቅዳሜ ሳምንት መጥታ በዓይኗ ታያለች። ከዚያ ወደ እማማ ጠመኔ ዞራ እባብ ነው የጣለዎት የሚባለው እውነት ነው ወይ አለቻቸው።

"እግሬን ጠምጥሞ ጣለኝ። ምን እንደሆነ ግን አላየሁትም" አሉ።

ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አዳራሹ ታመሰ። ፀጉር ቆራጩ ተነሥቶ፣ ይህን ፎርጅድ ቢያወራው አላምንም ነበር፣ እሳቸው ናቸው የተናገሩት አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ቤታቸው ሳደርሳቸው መንገድ ላይ ቆሙ። ሜዳውን በገዛ አፌ ገደልኩት አሉኝ፤ ግን የሆነውን አልሆነም ማለት እንዴት እችላለሁ። እንደ ጥያቄ ነው ያሉት። እኔን ነው የጠየቁት።

ጎማ እንዴት እንደሚፈታ ብትጠይቁኝ አውቃለሁ።


ሰኞ ማታ

እውነት ስናገር እንደዋልኩ ይመዝገብልኝ።

መጀመሪያ ለእትዬ ነገርኳት። መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ አዎ፣ እኔም ንግሥት ነኝ፣ ያንን መቀስ አቀብለኝ አለችኝ። እባቡን አምጥቼ ነፋሁላት። አየችውና መርፌውን ከአፏ አወጣች። ሰው እጁ ተሰብሮ አንተ ተቀምጠህ የእባብ አሻንጉሊት ትሠራለህ ወይ አለችኝ። ከመሰበራቸው በፊት ነው የሠራሁት ብል ማን ይስማኝ። እንዲህ ቀዝቃዛ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

ለፀጉር ቆራጩ አሳየሁት። ገልብጦ ገላብጦ አየና፣ ይሄ ዓይን የለውም፣ ያ ግን ቀይ ዓይን አለው ብሎ መለሰልኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። የኛ ሰፈር ልጡን አይቶ በረየ፣ አሁን ልጡን ብታሳየው እባቡን አምጣ ይልሃል።

ያመኑኝ ጋሽ ትንፋሽ ብቻ ናቸው። እባቡን አንሥተው ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። እስስስ።

"ልጥፉ ያንተ ነው" አሉ። "ያስተነፍሳል።"

ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የገንቢው ሰዎች ሠራተኞቻችን የሸሹት ከጎሚስታው ልጅ ነው ብለው ቢሰሙ፣ እዚህ በር ላይ መኪና አያቆሙም፤ መኪና ካልቆመ አንተም አትቆምም። ሆድ ይፍጀው በል አሉኝ።

ለእማማ ጠመኔ አልነገርኳቸውም። በሽተኛን ማስጨነቅ ጥሩ አይደለም።


ረቡዕ

ሰው በቃል ካላመነ በሥጋዬ ላሳምነው አልኩ። በምሳ ሰዓት ጫማዬን አውልቄ ሜዳው መሃል ተጋደምኩ። ወዲያው መስኮቱ ሁሉ ራስ በራስ ሆነ።

ሚጢጢ አጥሩን ይዛ፣ "አጎቴ፣ ከነደፈህ አልጋህን እኔ ልውሰደው?" አለችኝ። ውሰጂው አልኳት። ብርድ ልብሱንም አለች። ብርድ ልብሱ ላይ ሳንስማማ እናቷ እየጎተተች ወሰደቻት።

ተኝተው ሲያዩት ሜዳው ሌላ ነው። ዘበኞቹ ከላይህ እንደ ዛፍ ይቆማሉ። ቁልፏ ከሥሯ ስትታይ ግንዷ ላይ ፀጉር አላት፣ የሕፃን ክንድ የመሰለ ለስላሳ ፀጉር፣ ጧት ጤዛው እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። አንዲት ንብ አኩራፊ ውስጥ ገብታ ቀረች፤ ደመና መጥቶ ተዘጋባት። ውስጥ ሆና ታጉረመርማለች። ይህን ለእማማ ጠመኔ ልንገራቸው ብዬ ብድግ አልኩ። ከዚያ መልሼ ተጋደምኩ። ፀሐይዋ ስትወጣ ንቧ በሰላም ወጣች።

ማንም አልገባም። ፀጉር ቆራጩ፣ እባቡ ፎርጅድን አይነድፈውም፣ ዘመዱ ነው እያለ አስወራ። ጥሩ ቀልድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቀናበት ነበር።


ሐሙስ

አሁንም ተኛሁ። ማንም የለም። ዘበኞቹ ከታች መርገፍ ጀምረዋል። ነገ ዓርብ ነው፤ ከነገ ወዲያ ኃላፊዋ ትመጣለች።

ጠመጠመኝ ያሉት እማማ ጠመኔ ናቸው። አልነበረም ብለው ሊያሳምኑ የሚችሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ለማወቅ አሥረኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም።


ዓርብ ማታ

ከሥራ ወጥቼ እጄን ሳልታጠብ ቤታቸው ሄድኩ። ለመታጠብ ብቆም ሐሳቤን እንደምቀይር አውቃለሁ።

ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው መጻፍ ይለማመዳሉ። ፊደሎቹ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተጋድሞ፣ አንዱ ሌላው ላይ ተደግፎ። ቲቸር፣ በዚህ ጽሑፍ እርስዎ ራስዎ አንደኛ ክፍልን ይደግማሉ አልኳቸው። ሳቁ። ክንዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁና አመማቸው፤ ደግፈው ያዙት። ከዚያ፣ አንተ ባትኖር ይሄ ሰሞን እንዴት ያልፍልኝ ነበር አሉኝ።

መሄድ እችል ነበር። በሩ ከኋላዬ ነበር።

"ቲቸር፣ እባብ የለም።"

"ልታጽናናኝ ነው" አሉ።

"የጎማ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። ለካኞቹን ላባርር ብዬ ነው።"

አሁንም ፊታቸው ላይ ሳቁ አለ። ታዲያ እኔን የጣለኝም ጎማ ነው ብለው ጠየቁኝ። ክሩን ከኪሴ አወጣሁና ደብተራቸው ላይ፣ ከተጋደመው ፊደል አጠገብ አስቀመጥኩት። ለካኞቹ ይመለሳሉ ብዬ ሳልጠቀልለው ትቼው ነው አልኩ። መዘርጋቱ ስለሚያደክም ብዬ ጨመርኩ። ይህን ባልጨምር ይሻል ነበር፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

በግራ እጃቸው አነሡት። አንዴ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፣ ሳብ አደረጉት፣ ፈቱት። ሳቁ ከፊታቸው ሲወርድ አየሁ። ሚስማር እንደወጋው ጎማ ድንገት አይደለም። ቀስ እያለ ነው።

"ጤና ጣቢያ እንዴት እንደወደቅኩ ስናገር ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ስብሰባው ላይስ?"

"አዎ፣ ቲቸር።"

ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። ለቁጣም፣ ለእንባም መልስ ነበረኝ፤ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን ክሩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ብዕራቸውን መልሰው አነሡ።

"ስትወጣ በሩን ዝጋው" አሉኝ።

ዘጋሁት።


ቅዳሜ ከሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌም የእሳቸውን መስሏል።

ኃላፊዋ መጣች፣ ወኪሉም በነጭ ጫማው። ጎረቤቱ አጥሩ ጋ ተደርድሯል፣ ጋሽ ትንፋሽም አሉበት። ሜዳው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እንደ ችካል ተተክዬ። እዚህ ማን ይገባል አለችኝ። እኔ አልኩ። ሌላስ አለች። ወደ አጥሩ አየሁ። ሁሉም የራሱን ጫማ ያያል። ወኪሉ ሰዓቱን አየ።

ከዚያ እማማ ጠመኔ መጡ። ወንበራቸውን በግራ እጃቸው መሬት ለመሬት እየጎተቱ። ልቀበላቸው ስጠጋ ጄሶ ባለው ክንዳቸው ገለል አደረጉኝ። አልገፉኝም። መጋረጃ እንደሚገለጥ ነው። አልፈው የወደቁበት ቦታ ላይ ወንበራቸውን ዘረጉና ለሰፈሩ ሰው በክፍል ድምፃቸው ተናገሩ።

"እባብ ጠመጠመኝ ብዬ ነበር። ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ። ናይለን ክር ነው። በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።"

ፀጉር ቆራጩ የማን ክር ነው አለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"የልጅ መጫወቻ ነው" አሉ።

ስሜን ሳይጠሩ አለፉኝ። ጋሽ ትንፋሽ አጥሩ ጋ ሆነው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ተርፈሃል፣ ዝም በል ማለታቸው ነው። እሺ ልል ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እና የልጅ መጫወቻ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ሌላ ምንም አልሰማም።

እባቡን ከሸሚዜ ውስጥ አወጣሁት። የኔ ነው አልኩ። ለካኞቹንም ያባረርኩ እኔ፣ ክሩን የተውኩት እኔ። ሰው ሁሉ ከልማዱ ሊስቅ አፉን ከፈተና መጀመሪያ ወደ እማማ ጠመኔ ዞረ፤ ይሳቃል ወይስ አይሳቅም እንደማለት። እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ ሁሉም አመነኝ። ሰው ሲያምንህ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ደስ አይልም።

ወኪሉ ጋሽ ትንፋሽን ለብቻ ጠርቶ አናገራቸው።

መጀመሪያ የገባችው ሚጢጢ ናት፣ በአጥሩ ሥር ሾልካ። እትዬ ልትይዛት ሮጠች፣ መሃል ስትደርስ ግን መሮጧን ተወች፤ ዘበኞቹ ጉልበቷ ይደርሳሉ፣ መርፌ መትከያው አሁንም ክንዷ ላይ ነው። ቆማ ዙሪያውን አየች። ከዚያ ልጆቹ ከነኳሳቸው ገቡ። ከዚያ ሌላው። ፀጉር ቆራጩ በመጨረሻ፣ እግሩን እያነሣ እየጣለ፣ ቀይ ዓይን እየፈለገ።

ኃላፊዋ ብዙ ቆየች። ያየሁትን አቀርባለሁ ብላ ሄደች። መጀመሪያ ያየችውን ይሁን በኋላ ያየችውን አልነገረችንም።


ማክሰኞ

ጎሚስታ ቤቱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀጥሯል። ጋሽ ትንፋሽ አልተቆጡም። መፍቻውን ከእጄ ተቀበሉና በጨርቅ ጠረጉት፣ በቃ። ለእትዬ ቁልፍ እተክላለሁ። ሁለት ሸሚዝ ላይ በተሳሳተ በኩል ተከልኩ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ግን ማን ያምናል።

እማማ ጠመኔን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንደምን አደሩ አልኩ። ለአንድ እርምጃ ያህል ቆም አሉና ሄዱ። ወንበራቸውን አሁን ፀጉር ቆራጩ ነው የሚሸከመው። አያያዙን አያውቅበትም፣ የወንበሩን እግር ወደ ላይ አድርጎ ነው።


ዓርብ

ችካሎቹ ተነቀሉ። ራሱ ለካኙ መጥቶ ነቀላቸው። ቢሮው ሜዳው እንዳለ ይቆይ ብሎ ወስኗል። ሰፈሩ በየበሩ ወጥቶ ሲጨባበጥ ነበር። ለካኙ በአጠገቤ ሲያልፍ ትክ ብሎ አየኝ። ሦስት እግርህን ልሸከምልህ አልኩት። ሰጠኝ። ከባድ ነው፤ ያን ቀን ይህን ታቅፎ እንዴት እንደሮጠ ገረመኝ። አልነገርኩትም።


እሁድ ጧት

ሥራ የለኝም፣ ግን እነቃለሁ። ፀጉር ቆራጩ እሁድ ይተኛል። ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እማማ ጠመኔ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፎቹ አሁን ነው የበዙት፤ ከአጥሩ እስከ ወንበራቸው ድረስ ቢጫ በቢጫ ነው። ጄሶው በጀርባቸው በኩል ይታየኛል። ትንሽ ጠጋ አልኩ። ደግሞ ትንሽ ጠጋ አልኩ። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም፤ ቢመጣም አልናገረውም ነበር። ልመለስ ስል ሳይዞሩ ተናገሩ።

"እግርህን አንሣ። አበባ ላይ ቆመሃል።"

አነሣሁት። የማሳርፍበት ባዶ መሬት ብፈልግ፣ በቀኝም በግራም፣ ከፊትም ከኋላም የለም። እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። አልሳቁም። እስካሳርፈው ድረስ ጠበቁኝ።